ፈንጣጣ ሲጠፋ ምች ስለ ምን አልጠፋም?

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ መጽሐፍ ሳይሆን ሪራ ላይ የተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ከሮቤ ተነሥተን፣ ጎባን አልፈን፣ የሰነቴን አምባ አቋርጠን ወደ ሪራ ወርደን ነበር። መንገዱን የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። ከአራት ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ እየገባ፣ ጅብራው በየቦታው እንደ ዘበኛ ቆሞ፣ ዕድል የቀናውም ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን እያየ ይጓዝና፣ ድንገት ሜዳው አልቆ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል። ከሐረና ደን በላይ፣ ጉም በሚመላለስበት ስፍራ ሪራ ትገኛለች።

ያረፍንበት ቤት አባወራ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። በሕፃንነታቸው ይዟቸው የነበረው ፈንጣጣ ፊታቸውን አጎድጉዶት ቀርቷል። በዚያ ቀን ምራታቸው ከንፈሯ ላይ ምች ወጥቶባት ዳማከሴ ጨምቃ ትቀባ ነበር። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ወደ እርሷ፣ አንድ ጊዜ ወደ ራሳቸው ፊት እያመለከቱ፣ ኦሮምኛ አጥርቶ በሚያውቀው ጓደኛችን አስተርጓሚነት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «እናንተ የተማራችሁ ልጆች ናችሁ። ያን ሁሉ ሰው የፈጀው፣ ፊቴንም እንዲህ ያደረገው ፈንጣጣ ከአገር ጠፋ ይባላል፤ እውነትም ካየሁት ስንት ዘመኔ። ታዲያ ይህች ሰው የማትገድል ትንሽ ምች በየዓመቱ እየተመለሰች ስትመጣ እንዴት አቃታችሁ?»

ከእኛ አንዱ ፈጠን ብሎ «ምች ከቫይረስ ስለሆነ ነው» አለ። ሽማግሌውም «ፈንጣጣውስ ከምን ነበር?» አሉት። እርሱም ከቫይረስ ነበር ማለት ግድ ሆነበትና ሁላችንም ዝም አልን። ስም መጥራት ማስረዳት የሚመስለን እኛ ተማሪዎች ብዙ ነን። እነሆ፣ ሮቤ ከተመለስን በኋላ ያነበብኩትንና ከመምህራን ጠይቄ የተረዳሁትን ያህል መልሱን ለማቅረብ እሞክራለሁ። የውጭ አገር ሊቃውንት ሥራ የሚጠቀስበት ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ሁለቱም ቫይረስ መሆናቸው ብቻ ሳይሆን የሁለቱም የዘር መዝገብ የተጻፈው እንደ እኛው በዲ ኤን ኤ ነው። (የሰነቴን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ግን በአር ኤን ኤ የተጻፈ ስለሆነ ወሬው ሌላ ነው።) ልዩነታቸው ያለው ይህ ዲ ኤን ኤ ወደ ሰው ሕዋስ ከገባ በኋላ የት እንደሚቀመጥና በምን እንደሚጠቀለል ነው። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ የራሳችን ዲ ኤን ኤ እንዴት እንደሚቀመጥ ማየት ያስፈልጋል።

በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ሁሉ ክር የሚቀመጥበት የሕዋስ አስኳል ግን ወርዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ቢበልጥ ጥቂት ነው። እናቶቻችን የፈተሉትን ክር እንዲሁ ቢከምሩት ኖሮ ተተብትቦ ለሸማኔ ባልበቃ ነበር፤ ስለዚህ እየፈተሉ በእንዝርቱ ላይ ይጠቀልሉታል፣ ልቃቂትም ያደርጉታል። ሕዋስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንዝርቶቹ ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ስማቸውን ያወጣላቸው ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል በ1884 ሲሆን፣ ስምንት ሂስቶኖች በአንድነት ተሰብስበው አንድ እንዝርት እንደሚሆኑ ያስረዳው ደግሞ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ሮጀር ኮርንበርግ ነው። በእያንዳንዱ እንዝርት ላይ 147 የዲ ኤን ኤ ፊደሎች ሁለት ዙር ሊሞሉ ጥቂት ሲቀራቸው ይጠመጠማሉ። ዲ ኤን ኤ አሉታዊ፣ ሂስቶን ደግሞ አዎንታዊ ኤሌክትሪክ ስላላቸው ይሳሳባሉ፤ የሚያጣብቃቸውም ይኸው ነው። አንዱ ጥቅል ኒውክሊዮሶም ይባላል፤ ሰንሰለቱ በሙሉ ደግሞ ክሮማቲን ይባላል።

ክሩ የተጠቀለለው ለመቀመጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ዲ ኤን ኤ መነበብ አለበት። ይህ በእጃችሁ ያለው መጽሔት በመጀመሪያ በአንድ ዋና ቅጂ ላይ ተጽፎ ከዚያ በማባዣ መኪና እንደተባዛ ሁሉ፣ ዲ ኤን ኤም ዋናው ቅጂ ነው፤ ከእርሱ ላይ የሚነሡት ቅጂዎች አር ኤን ኤ ይባላሉ፤ ሕዋሱም ፕሮቲን የሚሠራው ከቅጂው እያነበበ ነው። ማባዣው መኪና አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ የተባለ ኤንዛይም ነው። ይህ መኪና ጠብቆ በተጠቀለለ ክር ላይ ሥራውን ሊጀምር አይችልም። ስለዚህ የጉበት ሕዋስና የነርቭ ሕዋስ አንድ ዓይነት መዝገብ ይዘው ሳለ ሥራቸው የሚለያየው፣ በአንዱ የተከፈተው ምዕራፍ በሌላው ስለተዘጋ ነው።

መክፈቻውና መዝጊያው ያለው በሂስቶኖቹ ጭራ ላይ ነው። ቪንሰንት ኦልፍሬይ የተባለው ሊቅ በ1964 እንዳመለከተው፣ አሲቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል በጭራው ላይ ሲለጠፍ የሂስቶኑ አዎንታዊነት ይቀንስና ክሩ ላላ ይላል፤ ጂኑም ይነበባል። ሜቲል የሚባል ሌላ ኬሚካል በተወሰኑ የጭራው ቦታዎች ላይ ሲለጠፍ ደግሞ አጥባቂ ፕሮቲኖችን ይጠራና ክሩ ይጠብቃል፤ ጂኑም ዝም ይላል። እነዚህን ምልክቶች የሚለጥፉና የሚያነሡ ኤንዛይሞች አሉ። ለጽሑፋችን የሚበቃን ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ፈንጣጣ እንመለስ። የፈንጣጣ ቫይረስ ዲ ኤን ኤ 186 ሺሕ ያህል ፊደል አለው፤ ሁለት መቶ ያህል ጂኖችም አሉት፤ ለቫይረስ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ይህ ባለጸጋ ቫይረስ የሕዋሱን አስኳል ደጅ አይረግጥም። የሚኖረውም የሚራባውም ከአስኳሉ ውጭ፣ ሳይቶፕላዝም በሚባለው የሕዋስ ክፍል ነው። ማባዣዎቹ መኪናዎች ያሉት በአስኳሉ ውስጥ ከሆነ እዚያ ያልገባ ቫይረስ እንዴት ይነበባል? የዚህ መልስ የተገኘው በ1967 የፈንጣጣ ዘመድ በሆነውና ለክትባት በሚያገለግለው በቫክሲኒያ ላይ ነው። ቫይረሱ የራሱን አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ በጉያው ይዞ ይመጣል። ወደ ሕዋስ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሽፋኑ ገና ተገፎ ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ይወጣሉ። ከዚያም የመካከለኞቹ፣ ቀጥሎም የኋለኞቹ ጂኖች በየተራ ይነበባሉ፤ አንደኛው ክፍል ሁለተኛውን የሚከፍቱ ፕሮቲኖች ይሠራል።

ስንቁን ይዞ የመጣ እንግዳ ባለቤቱን አያስቸግርም ይባል ይሆናል፤ ለዚህ እንግዳ ግን አይሠራም። ዋናው ነጥብ ሂስቶን የሚጠቀለለው በአስኳል ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ የፈንጣጣ ዲ ኤን ኤ በሰው ሂስቶን አይጠቀለልም፤ ክሮማቲን አይሆንም፤ የሚዘጋው ስለሌለ ዝም ብሎ መቀመጥን አያውቅም። ያለውን ሁሉ አንብቦ፣ ተራብቶ፣ ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣል። እንግዲህ ወይ ሰውነት ያሸንፈዋል፣ ወይ እርሱ ሰውየውን ይገድላል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ያ ሽማግሌ በልጅነታቸው ባሸነፉ ጊዜ ጨርሰው አሸነፉ። ጠባሳው በፊታቸው ላይ አለ፤ ቫይረሱ ግን በሰውነታቸው ውስጥ የለም።

ይህ የላቦራቶሪ ነገር ለአገራችን ምን ፋይዳ እንደነበረው ለማየት ወደ 1963 ዓ.ም. መለስ እንበል። በዚያ ዓመት በጥር ወር የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር፣ አባቶቻችን ከሕመምተኛ ቁስል ወስደው ጤነኛውን የሚከትቡበት የቆየ ልማድ ገና በየገጠሩ ነበር። በፈንጣጣ መያዛቸው የተመዘገበ ሰዎች ቁጥር በፈረንጆች 1971 ብቻ 26,329 ደርሶ ነበር። በ1973 ወደ 5,414 ወረደ፤ በ1976 ደግሞ 915 ብቻ ሆነ። አገራችን የነበረው በብዛት ቀላሉ የፈንጣጣ ዓይነት ስለነበረ ከያዛቸው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ነበር የሚሞተው፤ ነገር ግን ሕመምተኛው በእግሩ እየሄደ፣ ገበያ እየዋለ ያስተላልፈው ስለነበር ለማጥፋት ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር።

ዘመቻው ሕዝቡን በሙሉ ለመከተብ አልጠበቀም። ሠራተኞቹ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው በእግርና በበቅሎ እየዞሩ፣ በገበያና በትምህርት ቤት «ይህን የመሰለ ሕመምተኛ አይታችኋል ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሕመምተኛ በተገኘበት ቀበሌ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ሁሉ ከትበው በሽታውን ይከቡታል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ዘዴ ሊሠራ የሚችለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የታመመው ሰው በዓይን መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ የዳነው ሰው በእርግጥ የዳነ መሆን አለበት። ፈንጣጣ እንደ ምች በሰው ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚነሣ ቢሆን ኖሮ፣ የተከበበው ቀበሌ ሁሉ ውስጡ ያመለጠ ጠላት በቀረበት ነበር። እርግጥ ቫይረሱ ከሰው በቀር የሚያድርበት እንስሳ አለመኖሩና ክትባቱ ሙቀትን ተቋቁሞ የሚዘልቅ መሆኑም ረድቷል፤ ድሉ የአንድ ምክንያት ውጤት ነው ማለቴ አይደለም።

የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በባሌ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኤልከሬ ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። ከሪራ ደን ቁልቁል ወርዶ፣ ዶሎ መናን አልፎ፣ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ርቆ የሚገኘው ደረቅ ምድር ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተኩል ውስጥ ነገሩ በጎረቤት አገር ተደመደመ፤ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ ቤት ሠራተኛ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን በተፈጥሮ ፈንጣጣ ከተያዙት የዓለም ሰዎች የመጨረሻው ሆነ። ሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ላይ የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። (በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ መገኘቱ የተነገረው የዝንጀሮ ፈንጣጣ የዚሁ ወገን ነው፤ እርሱም አስኳል አይገባም። ነገር ግን በዱር እንስሳት ስለሚኖር ሰውን ብቻ በመክበብ አይጠፋም።)

አሁን ወደ ምራታቸው ከንፈር እንምጣ። ምች የምንለው ሕመም ራስ ምታቱንም ትኩሳቱንም የሚያጠቃልል ነው፤ በከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን ግን የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ነው። በዓለም ላይ ከሃምሳ ዓመት በታች ካሉት ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ተሸካሚዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ቫይረሱን ያገኙት ገና በልጅነት፣ በመሳሳም ነው። ዲ ኤን ኤው 152 ሺሕ ያህል ፊደል ያለው ሲሆን፣ በቫይረሱ ቅርፊት ውስጥ ሳለ አንድም ሂስቶን የለውም። እርቃኑን ነው። ከፈንጣጣ የሚለየው ግን ማባዣ መኪና ስለሌለው ነው፤ ስለዚህ የግድ አስኳል ውስጥ ገብቶ የእኛኑ መጠቀም አለበት።

ወደ አስኳሉ እንደገባ ሕዋሱ የማያውቀውን እርቃን ክር ያይና በሂስቶን መጠቅለል ይጀምራል። ሊቃውንት ይህን እንደ ሕዋሱ መከላከያ ይቆጥሩታል፤ ያልታወቀ ሰው ይዞት የመጣውን ወረቀት ሳያነቡ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ እንደ መክተት ነው። ቫይረሱም ይህን አውቆ የመጣ ይመስል ቪ ፒ 16 የተባለ ፕሮቲን ይዞ ይገባል። ይህ ፕሮቲን የራሳችንን ሁለት ፕሮቲኖች ተጠግቶ፣ የመዝጊያውን ምልክት የሚያነሡና የመክፈቻውን የሚለጥፉ ኤንዛይሞችን ወደ ቫይረሱ የመጀመሪያ ጂኖች ይጠራል። ጂኖቹ ተከፍተው ይነበባሉ፤ ከእነርሱ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ደግሞ የሕዋሱን ጠባቂዎች ያፈርሱና የቀሩትን ጂኖች ይከፍታሉ። ከንፈር ላይ ይህ ትግል በቫይረሱ አሸናፊነት ያልቃል፤ ሕዋሱ ይሞታል፤ ውሃ የቋጠረው ቁስል ይወጣል።

በዚህ ጊዜ ከቫይረሶቹ ጥቂቶቹ በከንፈር ላይ ባለው የነርቭ ጫፍ ገብተው፣ የነርቩን ረጅም ክር ተከትለው፣ የፊት ነርቭ ሕዋሳት ተሰብስበው ወደሚገኙበት ከራስ ቅል ሥር ወዳለው ቋጠሮ ይወጣሉ። በዚያ ግን ትግሉ ይገለበጣል። ቪ ፒ 16 መንገዱ ረዝሞበት ከዲ ኤን ኤው ጋር በበቂ አይደርስም፤ በነርቩም ሕዋስ ውስጥ የሚፈልጋቸው ረዳቶች እንደ ልብ አይገኙም። ሕዋሱ ያሸንፍና የቫይረሱን ክር በሂስቶን ጠቅልሎ የመዝጊያ ምልክት ያትምበታል። ከአንድ ክፍል በቀር መዝገቡ በሙሉ ዝም ይላል።

እንግዲህ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ሕዋሱ ያሸነፈበት ይኸው መጠቅለያ ለቫይረሱ ምሽግ ሆነለት። የሰውነታችን ጠባቂዎች ጠላትን የሚያውቁት በፕሮቲኑ ነው፤ ጂኑ ካልተነበበ ፕሮቲን የለም፤ ፕሮቲን ከሌለ የሚታይ ጠላት የለም። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት የሚመታው ዲ ኤን ኤው ሲራባ ነው፤ የተኛ ክር አይራባምና የሚመታ ነገር አያገኝም። የነርቭ ሕዋስ ደግሞ እንደ ቆዳ ሕዋስ በየጊዜው ሞቶ አይተካም፤ ከባለቤቱ ጋር ዕድሜ ልኩን ይኖራል፤ እንግዳውም አብሮት ይኖራል። ሌላ ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲመጣ በነርቩ ሕዋስ ውስጥ ምልክቱ ይዛባል፤ በሂስቶኑ ላይ የነበረው ማኅተም ይላላል፤ ክሩ በከፊል ይፈታል፤ ቫይረሱም በመጣበት ነርቭ ተመልሶ ወደዚያው ከንፈር ይወርዳል። ምች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚወጣው ለዚህ ነው።

አባቶቻችን ምችን «ፀሐይ መታው» ሲሉ እንስቅ የነበርን አለን። ግማሹ እውነት ነበር። ፀሐይዋ ቫይረሱን አትፈጥረውም፤ ትቀሰቅሰዋለች። በሰነቴ ከፍታ ላይ የፀሐዩ ጨረር ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ከንፈሩ የተላጠበት ሁሉ ይመሰክራል። ዳማከሴውን በተመለከተ፣ ቁስሉን ምን ያህል እንደሚያስታግስ የመድኃኒት ክፍል ተማሪዎች ይንገሩን፤ በቋጠሮው ውስጥ የተጠቀለለው ክር ዘንድ ግን አይደርስም። ለነገሩ የፋርማሲውም መድኃኒት አይደርስም፤ ስለዚህ በባላገሩ ላይ ለመሳቅ ምክንያት የለንም። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የሚወጣው ቫይረስም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ በሽምግልና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይመለሳል። በ2020 የአሜሪካ ሊቃውንት በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የተኛውን የሄርፒስ ክር የሚቆርጥ ኤንዛይም ወደ ነርቭ አስገብተው በአንዳንድ ቋጠሮዎች ከነበረው ዘጠና ከመቶ በላይ ለመቀነስ ችለዋል። ከአይጥ እስከ ሰው ግን መንገዱ ሩቅ ነው።

ስለ ክሮማቲን ይህን ሁሉ ለማወቅ ካስቻሉት ነገሮች አንዱ ራሱ ቫይረስ መሆኑ ያስደንቃል። በ1960 የፖሊዮ ክትባት ይዘጋጅባቸው በነበሩ የጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ ኤስ ቪ 40 የተባለ ቫይረስ ተገኘ። ዲ ኤን ኤው 5,243 ፊደል ብቻ ያላት ክብ ናት። የሰው ክሮማቲን በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ጥቅጥቅ ደን ነው፤ ይህች ክብ ግን የእኛን ሂስቶን ተውሳ ሃያ ያህል ኒውክሊዮሶም ብቻ የተሰካባት ትንሽ ቀለበት ስለሆነች መቁጠር ይቻላል። በ1975 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስትታይ እንደ ዶቃ በክር ሆና ታየች። ከዚያም በኋላ መነበብ በሚጀመርበት አካባቢ ዶቃ የሌለበት ክፍት ቦታ እንዳለ ተገኘ፤ መኪናው የሚገባበት በር ማለት ነው። በ1981 ደግሞ በዚያው በር አጠገብ ያሉ ፊደሎች ራቅ ብሎ ያለን ጂን እንኳ ንባቡን እንደሚያበረቱ ታወቀ። እንደዚህ ያሉ አበርቺዎች በኋላ በራሳችን ዲ ኤን ኤ ውስጥ በብዛት ተገኝተዋል።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ጠፋ በሽታና ስለማይገድል ቁስል ነው። አሁን የሚመጣው ግን እኛኑ የሚነካ ነው። አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ደም ሊሰጥ ሄዶ በምርመራው የሄፒታይተስ ቢ ቫይረስ እንዳለበት ተነገረው። ሕመም አይሰማውም ነበር። ወሬው ሲሰማ ከእርሱ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ያቆምን ነበርን፤ እኔም አንዱ ነበርኩ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ዘመዶቹ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው የሌሊት ወፍ ያመጣዋል ለሚባለው ሕመም ሥር የሚሰጥ አዋቂ ዘንድ ሊወስዱት ተነሡ።

ይህ ቫይረስ 3,200 ያህል ፊደል ብቻ አለው፤ ከፈንጣጣ ጋር ሲተያይ ከስልሳ እጅ አንድ ያህል ነው። በጉበት ሕዋስ አስኳል ውስጥ ገብቶ ጎደሎውን ዲ ኤን ኤ በእኛው ኤንዛይሞች አስሞልቶ የተዘጋ ቀለበት ያደርገዋል፤ በእኛውም ሂስቶን ተጠቅልሎ እንደ ትንሽ ክሮሞሶም ይቀመጣል። ሕዋሱ ይህን የመሰለ ባዕድ ቀለበት አፍኖ የሚዘጋበት ስብስብ ፕሮቲን አለው። ቫይረሱ ግን ኤክስ የተባለ ፕሮቲኑን ልኮ ይህን አፋኝ እንደሚያፈርሰው በ2016 ታውቋል። ስለዚህ ቀለበቱ ክፍት ሆኖ ቅጂ ሲያወጣ ይኖራል። ቴኖፎቪር የሚባለው መድኃኒት ከቅጂው ተመልሶ አዲስ ዲ ኤን ኤ እንዳይሠራ ያግዳል፤ በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ በእጅጉ ያሳንሳል፤ ጉበትንም ይታደጋል። ቀለበቱን ግን አያወጣውም። ስለዚህ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ተሻለኝ ብሎ በራሱ ሥልጣን ሲያቆም ቫይረሱ ተመልሶ ይነሣል። በሦስት ቀን ሥር አወጣዋለሁ የሚል ሰው ቢኖር፣ የትኛውን ቀለበት ከየትኛው አስኳል እንደሚያወጣ መጠየቅ ይገባል። አንዳንዱ ሥርም ራሱ ጉበትን ይጎዳል።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ ይህን ቫይረስ ይዟል። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ በጋራ ምላጭና በመርፌም ይተላለፋል። በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ክፍል በማደር፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛው ፕሮግራም የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ በሕፃንነት አላገኘነውም። ክትባቱ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ የሚጠቅመውም ቀለበቱ ከመቀመጡ በፊት ነው፤ ከተቀመጠ በኋላ የሚከተቡት ትርፍ የለውም። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ጓደኛችን አሁን በሐኪም ክትትል ላይ ነው፤ በትሪውም ዙሪያ እንደ ድሮው አራት ነን።

ኦሮምኛ የሚያውቀው ጓደኛችን ከጥቂት ሳምንት በፊት ለሪራው ሽማግሌ ስልክ ደውሎ መልሱን ነገራቸው። ፈንጣጣ ደጅ ላይ የሚዋጋ ጠላት ስለነበረ ተይዞ አለቀ፤ ምች ግን ቤት ውስጥ ገብቶ በባለቤቱ እንዝርት ላይ ተጠቅልሎ የተኛ ነው፤ ክሩ ዕድሜ ልክ ስለማይወጣ ነው የሚመላለሰው አላቸው። ሽማግሌው አዳምጠው ሲያበቁ «የላሜስ?» አሉ። የአንዲት ላማቸው ቆዳ በሙሉ አብጦ ድብልብል አውጥቶ ኖሯል። ይህ የከብት በሽታ ከፈንጣጣው ወገን በሆነ ቫይረስ የሚመጣ ሊሆን እንደሚችል፣ ለእርሱም ቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት እንደሚዘጋጅ ነግሮ፣ የታመመችውን ለይተው የቀሩትን እንዲያስከትቡ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ልኳቸዋል።